ወፍ አይገቤ

ከዓለም ከተማ ወጣሁ ጎህ ሲቀድ ማለዳ፣
ቁልቁል ወደ ጀማ፣ እንደ ተጠራ እንግዳ፤
ገደሉ ልክ እንደ አሮጌ ግድግዳ፣
ሰባት ሰው በየተራው የደረበው ኖራ፣
አንዱ ሽፋን ሲረግፍ ሌላው የሚያበራ።

እኔ ኖራ ቀቢ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት
ነጭ ያለበስኩት ቤት፣ ጥፍሬን የሰጠሁት፤
በበርሜል ሲንተከተክ፣ ሲፈላ እያየሁት
ይህ ድንጋይ ከየት መጣ ብዬ ሳልጠይቅ ኖርኩ፤
ዛሬ እናቱን ላያት ቁልቁለት ጀመርኩ።

ስሟ ወፍ አይገቤ። አፏ ግን ሰፊ ነው፣
ሦስት አውቶብስ ጎን ለጎን ሳይተሻሽ የሚያልፈው።
ከበሯ አንድ ሰው አለ፣ ዘርጋው ነው ስሙ፣
ጠረጴዛ፣ ደረሰኝ፣ ካርቦኑ፣ ማኅተሙ።
«ወፍ አይገባም ሲሉ የቀኑን ማለት ነው፣
የሌሊት ወፍማ…» ብሎ ባትሪውን አነሳው፤
ጣሪያው ተንቀሳቀሰ።
                    ወደ ኋላ ሸሸሁ።
እሱ ሳቀ፤ እኔም ዘግይቼ ሳቅሁ።

ሽታው የኔ ሽታ ነው፤ ትናንት የተቀባ፣
ኖራው ያልደረቀ፣ ገና ሰው ያልገባ
ቤት ቤት ይሸታል ዋሻው።
                    ዘርጋው ግን ወለሉን
አሳየኝ፤ ካስማውን፣ ሲባጎ መወጠሩን፣
አፈሩ በካሬ በካሬ መቆረጡን።

«ሁለት በጋ ሠራሁ» አለኝ፣ «በቀን አበል፣
በወንፊት አፈር ስነፋ፣ አመድ ስቀበል።
ሚስቴ ጠዋት ጠዋት የምትደፋውን አመድ
ተመራማሪዎቹ በላስቲክ፣ በቁጥር፣ በገመድ
አስረው፣ በጥጥ ጠቅልለው፣ አዲስ አበባ ወሰዱ።
‹ምነው› አለችኝ እሷ፣ ‹ሰዎቹ አበዱ?›»

እሳት አመድ ወለደ ይላል ያገሬ ሰው፣
አባቱን ያልመሰለ ልጅን ሊወቅሰው።
እዚህ ግን እሳቱን ማን አየው? ማን ሞቀው?
መኖሩን እንኳ ዛሬ ልጁ ነው የሚያውቀው፤
አመዱ ነው ምስክሩ፣ ከእግር በታች ሆኖ፣
ጥቁር፣ ቀጭን መስመር፣ በነጭ ተከድኖ።

«ስንት ዓመቱ?» አልኩት። ዘርጋው ቁጥር ጠራ፤
ሺህ በሺህ ላይ ጫነ። እኔ ከከረጢት ኖራ
በላይ ቆጥሬ አላውቅም።
ግድግዳው ላይ ቀንድ አውጣ አለች፣ ድንጋይ የሆነች።
«ባሕር ነበረ አሉን። እኔ ምን አውቃለሁ፤
ጀማ ሲሞላ እንኳ መሻገር እፈራለሁ።»

ከዚያ ከጥጉ ሄደ፣ ከተጣለው ክምር፣
ተነፍቶ ተነፍቶ ከቀረው አፈር፣
አንድ ባልጩት አነሳ። ስስ ነው፣ ጥቁር ነው።
«ይቺ ቸገረችን። ለማንም አልተመቸች።
ያዣት እስቲ።»
              ያዝኳት። በቀኜ። እምቢ አለች።

ግራኝ ነኝ።
እናቴ በመቀነት እጄን ያሰረችው፣
መምህሩ በማስመሪያ ያሳበጠው ይሄው ነው።
በቀኝ የምጽፈው ስሜን ነው፣ ለፊርማ።
ብሩሹን ግን በግራ። ብሩሹንማ!

ወደ ግራ አዛወርኳት።
አውራ ጣቴ ገባ። ጎድጓዳ ነበራት፣
ልክ ለዚህ ጣት ብሎ ሰው የፈለፈላት፤
ሌባ ጣት ከጀርባ፣ ስለቱ ወደ ውጭ።
ዘርጋው ባትሪውን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ።

የሆነ ሰው፣ እዚህ፣ ከዚህ እሳት አጠገብ፣
ቆዳ ሊፍቅ ይሁን፣ ሥጋ ሊከፍል፣ እኔ እንጃ፣
ድንጋይ በድንጋይ መታ፣ ለግራው አስማማ።
«በቀኝ ያዝ» የሚለው ሰው አልነበረም ይሆን?
ወይስ ነበረና፣ ተቆጣው፣ አልሰማም?

ሞቃ ነበር ስመልሳት። ኪሴ አማረው፤ አልዋሽም።

«ባትሪውን ላጥፋ?» አለኝ።
ጠፋ።
ጠብታ ሰማሁ። ጠብ። እስኪደግም ድረስ
ጎረቤት ለማማት የሚበቃ ጊዜ አለ።
እሱም ቀቢ ነው ለካ፤ ከኔ ይሻላል፤
አይቸኩል፣ ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅ፣
ጣሪያውን፣ አመዱን፣ ሁሉን ያለብሳል።

ስወጣ ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ።
ዘርጋው ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ ቀዶ ሰጠኝ።
ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ትንፋሼ ሲቆረጥ፣
ላብ ካራሰው ኪሴ አወጣሁት ለማየት፦
ቀን። ሃያ ብር። ፊርማ።
ከታች፣ በዘርጋው እጅ፣ ካርቦን በደበዘዘው፣
«የገባ፦ አንድ ሰው»።